የአሮጌ ፒክአፕ ጋቢና እድሳት፦ ከቀለም በፊት የሚመጣው ሥራ

አሮጌ ፒክአፕ ጋቢና ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በዳሽቦርዱ ስንጥቅ ላይ ነው። ቀጥሎ በሩን ሲዘጋ የሚንቀጫቀጨውን የበር ልባስ፣ ከራሱ በላይ እንደ ድንኳን የተንጠለጠለውን የጣሪያ ጨርቅና የደበዘዘውን የፍጥነት መለኪያ ያስተውላል። አብዛኛው ሰው ይህን ሁሉ እንደ አንድ ችግር ያየውና አንድ መድኃኒት ይፈልግለታል፤ መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ በጣሳ የታሸገ የሚረጭ ቀለም ይሆናል። በእኔ ግምት አብዛኞቹ እድሳቶች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። የጋቢናው ውስጥ ቢያንስ ከአምስት ወይም ከስድስት ዓይነት ቁሶች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ የሚያረጅበት የራሱ ምክንያት አለው፤ አንዱን የሚያድነው ፈሳሽ ሌላውን ያቀልጠዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ከምን እንደተሠራና ምን እንዳበላሸው ማወቅ ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት ይቀድማል።

በዳሽቦርዱ እንጀምር። ከስፖንጁ በላይ የተወጠረው ለስላሳ ገጽ በአብዛኛው ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ነው፤ በተለምዶ ቪኒል እንለዋለን። ፒቪሲ በባሕርዩ ግትር ሲሆን የውኃ ቧንቧም የሚሠራው ከእሱው ነው። እንደ ቆዳ እንዲተጣጠፍ የሚያደርጉት በፋብሪካ የሚቀላቀሉበት ዘይት መሰል ማለስለሻዎች ናቸው። እነዚህ ማለስለሻዎች ከፕላስቲኩ ጋር በጽኑ ስላልተሳሰሩ ሙቀት ባገኛቸው ቁጥር ቀስ በቀስ ወደ ገጹ ይወጡና ይተናሉ። መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ ተሽከርካሪ ዳሽቦርድ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል፤ በፊት መስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ በየጊዜው የሚጋገረው ቅባታም ጭጋግም በከፊል የዚሁ የተነነ ማለስለሻ ቅሪት ነው። ማለስለሻውን ያጣ ቪኒል ይደርቃል፣ ይኮማተራልም። ዳር ዳሩ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ግን ሲኮማተር መሸሻ ያጣና ውጥረቱ በሚጠራቀምበት ቦታ፣ ማለትም በድምፅ ማጉያው ቀዳዳዎች፣ በአየር መውጫው ማዕዘኖችና በመስታወቱ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ ይቀደዳል። የስንጥቁ ከንፈሮች ወደ ላይ ተቀልብሰው የሚታዩትም ቪኒሉ በመኮማተሩ ነው። ከሥሩ ያለው የፖሊዩሬታን ስፖንጅ ደግሞ አየርና ብርሃን ባገኘው መጠን ይፈረፈርና እንደ ዱቄት ይሆናል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፦ ዳሽቦርድን «ይመልሳሉ» ተብለው የሚሸጡ አብረቅራቂ ቅባቶች የወጣውን ማለስለሻ ወደ ቪኒሉ ውስጥ መልሰው አያስገቡም። ገጹ ላይ ተኝተው ለጥቂት ሳምንታት ጥቁረቱን ያጎሉታል እንጂ። ከዚያም የባሰው ነገር ብዙዎቹ ሲሊኮን ያለባቸው መሆኑ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬን ስሠራ ለዓመታት እንዲህ ባለ ቅባት ሲወለወል የኖረን ዳሽቦርድ በሳሙና ብቻ አጥቤ ቀለም ረጨሁበት፤ ቀለሙ ውኃ ቅባት ከነካው ሳህን እንደሚሸሽ ሁሉ ክብ ክብ ባዶ ቦታዎችን እየተወ ሸሸ። ሁሉንም ፍቄ እንደገና ለመጀመር ሁለት ቅዳሜዎች ጠፍተውብኛል።

ሁሉም ዳሽቦርድ ግን ስፖንጅ ያለው አይደለም። በአሜሪካ የተሽከርካሪ ውስጠኛ ክፍል በግጭት ጊዜ ተሳፋሪን እንዳይጎዳ የሚያስገድደው የፌዴራል ደንብ ለአውቶሞቢሎች በ1968 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል የፒክአፕ ዳሽቦርድ በብዙዎቹ ዘንድ ገና ቀለም የተቀባ ላሜራ ነበር፤ እንዲህ ሆኖም ለዓመታት ቆይቷል። የእንዲህ ያለው ዳሽቦርድ ሥራ ቀላልና የታወቀ ነው፦ ዝገቱን መፈቅፈቅ፣ ጸረ ዝገት መቀባት፣ ስቱኮ መምታት፣ ማለስለስና እንደ ውጭው አካል ቀለም መቀባት። ጥንቃቄ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የላይኛው ገጽ አብረቅራቂ ከሆነ የፀሐይን ብርሃን ወደ ፊት መስታወቱ እየመለሰ የሹፌሩን እይታ ስለሚጋርድ የመጨረሻው ቀለም ብርሃን የማይመልስ ደብዛዛ መሆን አለበት። ይህ ማስጠንቀቂያ ለቪኒል ዳሽቦርድም ይሠራል።

አስቸጋሪዎቹ ደረቅ ፕላስቲኮቹ ናቸው፤ የመለኪያዎቹ ዙሪያ፣ የአየር መውጫዎቹ፣ የእቃ ማስቀመጫው ክዳንና የምሰሶ ሽፋኖቹ ከእነዚህ ይመደባሉ። በአብዛኛው ወይ ኤቢኤስ ወይ ፖሊፕሮፒሊን ናቸው፤ ሁለቱ በዓይን ቢመሳሰሉም አጠጋገናቸው ፈጽሞ አይገናኝም። ከኋላቸው የቁሱ ምህጻረ ቃል ተቀርጾ ከተገኘ ጥያቄው ያበቃል፤ በጣም አሮጌ በሆኑት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለም። በዚህ ጊዜ ከማይታይ ቦታ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆርጦ ጥቂት ሳሙና ጠብ ባለበት ውኃ ውስጥ መክተት ይበቃል። ፖሊፕሮፒሊን ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ኤቢኤስና ፒቪሲ ይሰምጣሉ። የሰመጠው ቁራጭ አሴቶን የተባለው ማሟሚያ ፈሳሽ ሲነካው የሚሙለጨለጭና የሚጣበቅ ከሆነ ኤቢኤስ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ፖሊፕሮፒሊንን አሴቶን ምንም አያደርገውም።

የዚህ ልዩነት ጥቅም ወዲያውኑ ይታያል። የተሰበረ ኤቢኤስ በራሱ ቁስ ይጠገናል፦ ከተጣለ ኤቢኤስ የተፈቀፈቀ ፍርፋሪ በአሴቶን ሟሙቶ እንደ ማር እስኪወፍር ይቀመጥና ስብራቱ ላይ ይሞላል፤ አሴቶኑ ሲተን ሁለቱ ጠርዞች አንድ ወጥ ፕላስቲክ ሆነው ይቀራሉ። ከኋላ በኩል ቀጭን የሽቦ ወይም የመስታወት ክር መረብ በዚሁ ሙጫ ውስጥ ቢቀበር ጥንካሬው ይጨምራል። ስንጥቁ ገና እየተጓዘ ከሆነ ጫፉ ላይ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ መብሳት ጉዞውን ይገታዋል፤ በሹሉ ጫፍ ላይ ተከማችቶ የነበረው ውጥረት በክብ ቀዳዳው ዙሪያ ስለሚከፋፈል ነው። ፖሊፕሮፒሊን ግን እዚህ ላይ እምቢተኛ ነው፤ ተራ ሙጫም ሆነ ኢፖክሲ የተባለው ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ሙጫ እንደ ቅርፊት ተላቆ ይወድቅበታል። እሱን በሙቀት ከራሱ ዓይነት ዘንግ ጋር ማቅለጥና ማያያዝ ይሻላል፤ ቀለም የሚቀባ ከሆነም አስቀድሞ ቀለም እንዲይዝለት የሚያደርግ ልዩ ፈሳሽ መርጨት ግዴታ ነው።

ወደ መፍታቱ ስንመጣ የመጀመሪያው ተግባር የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ማላቀቅ ነው። ተሽከርካሪው የአየር ከረጢት የተገጠመለት ከሆነ የአምራቹ መመሪያ የሚያዘውን ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይገባል፤ ከባትሪው ቢላቀቅም ከረጢቱን የሚያፈነዳው ኃይል ለጥቂት ጊዜ ተከማችቶ ይቆያል። በብዛት በቢጫ ሶኬት የሚታወቀውን የዚህን መስመር ሽቦ በመለኪያ መሣሪያ መነካካትም ክልክል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው። ያረጀ ፕላስቲክ በብርድ ጊዜ እንደ ብስኩት ስለሚሰበር ጋቢናው ፀሐይ ላይ ቆይቶ ሲሞቅ መፍታት የብዙ ክሊፖችን ሕይወት ያተርፋል። እያንዳንዱን እርምጃ ፎቶ ማንሳት፣ የእያንዳንዱን ክፍል ብሎኖች በየራሳቸው ከረጢት አድርጎ ስማቸውን መጻፍ የሰነፍ ምክር ይመስላል፤ ሆኖም የብሎኖቹ ርዝመት የተለያየ መሆኑን ያላስተዋለ ሰው ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ሲያስር ከጀርባው ያለውን የሽቦ እቅፍ ወይም የአየር ቱቦ ይበሳል።

ዳሽቦርዱ ከወጣ በኋላ ሁሉም ሰው ወደ ቀለም ይቸኩላል። እኔ ግን ወደ ወለሉ ማየትን እመርጣለሁ። የጋቢና ትልቁ ጠላት ከላይ ፀሐይ ከሆነ ከታች ውኃ ነው፤ ውኃው ከየት እንደሚገባ ሳይታወቅ የሚነጠፍ አዲስ ምንጣፍ ዝገቱን ከመሸፈን በቀር ሌላ ፋይዳ የለውም። የጎማውን ምንጣፍ ገልጦ ከሥሩ ያለውን መደብ መዳሰስ ብዙ ይናገራል። እርጥበቱ ከፊት ጥግ ከሆነ የፊት መስታወቱ ጎማ ወይም በመጥረጊያዎቹ ሥር ያለው የውኃ መውረጃ ተደፍኖ ይሆናል። እርጥበቱ የሚያጣብቅና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ ደግሞ የዝናብ ውኃ ሳይሆን ከጋቢናው ማሞቂያ ትንሽ ራዲያተር የሚፈስ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። ይህ ራዲያተር በብዙ ፒክአፖች ላይ ዳሽቦርዱ ሳይወጣ የማይደረስበት በመሆኑ፣ ዳሽቦርዱ በወጣበት አጋጣሚ መፈተሽና ከተጠራጠሩት መለወጥ፣ አድሶ ከጨረሱ በኋላ እንደገና ከመፍታት እጅግ ይረክሳል።

በሮቹም ከዚሁ የውኃ ጉዳይ አይወጡም። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር በር ውስጥ ውኃ መግባቱ በራሱ ጉድለት አለመሆኑ ነው፤ በመስታወቱ ጎን የሚወርደው ዝናብ ወደ በሩ ሆድ ገብቶ ከታች ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች እንዲወጣ ታስቦ ነው የተሠራው። ይህ ውኃ ወደ ጋቢናው እንዳይዞር የሚከላከለው በበሩ ላሜራና በልባሱ መካከል የተለጠፈ ላስቲክ ነው። ቀደም ሲል ድምፅ ማጉያ ለመግጠም ወይም የመስኮት ማውጫ ለመጠገን የገባ ሰው ይህን ላስቲክ ቀድዶ ጥሎት ከሆነ፣ ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራው የልባሱ ጀርባ ውኃ እየጠጣ ያብጣል፣ ይጣመማል፣ የክሊፕ ቀዳዳዎቹም ይፈረካከሳሉ። ስለዚህ የተጣመመ የበር ልባስ ከመቀየሩ በፊት የውኃ መውጫዎቹ ይጸዳሉ፣ ወፍራም ላስቲክ ተቆርጦ በማይደርቅ ማጣበቂያ ዙሪያውን ይለጠፋል፤ የላስቲኩ የታችኛው ጫፍ ወደ በሩ ሆድ ገብቶ መታጠፍ አለበት፣ ውጭ ከቀረ ውኃውን በቀጥታ ወደ ምንጣፉ ይመራዋልና። የአሮጌው ልባስ ጀርባ ምንም ቢጎዳ መጣል የለበትም፤ አዲሱን ከቀጭን ኮምፖንሳቶ ለመቁረጥ ከእሱ የተሻለ ልኬት አይገኝም።

አሁን ወደ ስንጥቁ። ጥገናው የሚጀምረው በማጠብ ነው፤ በሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያም በአይሶፕሮፒል አልኮል፣ ሲሊኮን ከነካው ደግሞ ለዚሁ በተሠራ ማጽጃ፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ እየለወጡ። ቀጥሎ ተቀልብሰው የቆሙት ከንፈሮች በስለታም ቢላ ተቆርጠው ከገጹ በታች እንዲወርዱ ይደረጋል፤ ስንጥቁም ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ብሎ እንዲከፈት ይፈለፈላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳል፤ ስንጥቁን ማስፋት ማባባስ ይመስለዋል። ነገር ግን ሙሌቱ የሚይዘው በጎኖቹ ስፋት ነው፤ በጠባብ ስንጥቅ ላይ ከላይ የተቀባ ሙሌት በመጀመሪያው ሙቀት ይላቀቃል። የተፈረፈረው ስፖንጅ ጠንካራው እስኪገኝ ድረስ ይወጣል፤ ባዶው በሚጠነክር የፖሊዩሬታን ስፖንጅ ይሞላና ሲደርቅ ከገጹ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ተደርጎ ይቆረጣል፤ የላይኛው ክፍት ቦታ በቀጫጭን ንብርብር በሚለጠጥ ሙሌት ይዘጋል።

«በሚለጠጥ» የሚለውን ቃል የማሰምርበት ያለ ምክንያት አይደለም። ለላሜራ የሚሠራው የተለመደው ስቱኮ በእጅ ያለ፣ ርካሽና ለማለስለስ የሚመች ስለሆነ ዳሽቦርድ ላይ ሲመታ በየቦታው ይታያል። ሥራው እንዳለቀ ያምራል። ቪኒሉና ስፖንጁ ግን በየቀኑ በሙቀት ይለጠጣሉ፣ በሌሊት ቅዝቃዜ ይኮማተራሉ፤ ግትሩ ስቱኮ አብሯቸው አይንቀሳቀስም፤ በመሆኑም ከጥቂት ወራት በኋላ በጥገናው ዙሪያ የጥገናውን ቅርጽ የያዘ አዲስ ስንጥቅ ይወጣል።

ሙሌቱ ከደረቀ በኋላ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ320 ይለሰልሳል፤ ጣት ሲሄድበት ድንበሩ የማይታወቅ መሆን አለበት፣ ዓይን የሳተውን ጣት ያገኘዋልና። የተለሰለሰው ቦታ ግን የቆዳ መሰሉን ሸካራነት አጥቷል፤ ሁሉም ጥገና የሚጋለጠውም በዚህ ነው። ደህና ከሆነ የዳሽቦርዱ ክፍል ላይ በሚረጋ ሲሊኮን የሸካራነቱን አሻራ ወስዶ፣ የመጨረሻው ስስ ንብርብር ገና ሳይጠነክር ያንኑ አሻራ መጫን ከሁሉም የተሻለ ውጤት ይሰጣል። አሻራው የተወሰደበትን ቦታ ቀለም ከመቀባት በፊት ከሲሊኮን ቅሪት ማጽዳት ግን አይዘነጋም። የሚረጭ የሸካራነት ቀለምም አለ፤ እሱ የሚያዋጣው ዳሽቦርዱ በሙሉ ሲረጭበት ነው፣ ጥገናው ላይ ብቻ ሲረጭ ግን እንደ እከክ ይለያል።

ቀለሙ ለቪኒል ተብሎ የተሠራ መሆን ይኖርበታል፤ ተራ ቀለም ከላይ ድርቅ ያለ ቅርፊት ሲሠራ የቪኒል ቀለም ግን ከገጹ ጋር ተዋሕዶ አብሮ ይተጣጠፋል። የሚረጨውም እንደ ጤዛ ስስ ሆኖ፣ በየመካከሉ እየደረቀ፣ በብዙ ዙር ነው። የቀለሙን ዓይነት ለመምረጥ ፀሐይ የመታውን የላይኛውን ገጽ አይተው የሚያስቀላቅሉ ሰዎች የደበዘዘውን ቀለም ይገዛሉ፤ እውነተኛው የፋብሪካ ቀለም የሚገኘው ብርሃን ባልደረሰበት፣ ለምሳሌ በሲጋራ አመድ ማስቀመጫው ሥር ወይም በእቃ ማስቀመጫው ክዳን ውስጥ ነው። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልባቸው ባለ ሁለት ክፍል ቀለሞች አይሶሳያኔት የተባለ ሳንባን ክፉኛ የሚጎዳ ንጥረ ነገር ስላለባቸው ተራ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አይበቃቸውም። በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ባይነኳቸው ይሻላል።

ይህ ሁሉ ልፋት የሚያዋጣው ስንጥቆቹ ሁለት ወይም ሦስት ሲሆኑ ነው። ዳሽቦርዱ ከዳር እስከ ዳር ከተተረተረ ቪኒሉ በሙሉ ስለተኮማተረ አንዱን ሲዘጉ ሌላው ከጎኑ ይከፈታል፤ ያኔ ያሉት ምርጫዎች አሮጌውን ቪኒል ልጦ እንደገና ማልበስ ወይም በፋብሪካ በዳሽቦርዱ ቅርጽ የተሠራ ስስ የኤቢኤስ ክዳን ከላይ መለጠፍ ናቸው። ንጹሐን ነን የሚሉ አዳሾች ክዳኑን ይንቁታል፤ እኔ ግን በየቀኑ ለሚሠራ ፒክአፕ ክብር የሚነካ መፍትሔ ሆኖ አላገኘሁትም። የሚለጠፍበት ሲሊኮን እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ዓይነት ባይሆን ይመረጣል፤ ያ ሽታ የአሲድ ምልክት ሲሆን በአቅራቢያው ያለውን ብረትና የኤሌክትሪክ መጋጠሚያ ያዝጋል። የአየር ከረጢት ባለበት የዳሽቦርድ ክፍል ላይ ግን ምንም ዓይነት ክዳን ወይም ልባስ መለጠፍ አይፈቀድም።

የማይገኝ ትንሽ ክፍል ሲያጋጥም በሦስት አውታር ማተሚያ ማሠራት ዛሬ የተለመደ ሆኗል፤ ችግሩ አታሚዎቹ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ፒኤልኤ የተባለውን ፕላስቲክ መሆኑ ነው። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ስለ ዳሽቦርድ ሙቀት ከላይ ያልነውን ያስታወሰ ሰው ውጤቱን መገመት አያቅተውም። ወደ 100 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት የሚችለውን ኤቢኤስ ወይም ፀሐይን ይበልጥ የሚቋቋመውን ኤኤስኤ ማዘዝ ይገባል።

መለኪያዎቹን በተመለከተ ከሚገባው በላይ መንካት ከአለመንካት ይከፋል። ግልጹ ሽፋን በአብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ አሞኒያ ባለበት የመስታወት ማጽጃ አይታጠብም፤ ጭረቱ በ1500፣ ከዚያ በ2000 እና በ3000 ቁጥር ወረቀት በውኃ ተፍቆ በፕላስቲክ ማለስለሻ ይጠፋል። የቁጥሮቹ ሰሌዳ ላይ ግን ከለስላሳ ብሩሽ በቀር ምንም አይደርስም፤ አንዲት ጠብታ አልኮል ቁጥሩን ይዛው ትሄዳለች። በብዙ አሮጌ ተሽከርካሪዎች የነዳጅና የሙቀት መለኪያዎች ኃይል የሚያገኙት በቀጥታ ከባትሪው ሳይሆን ቮልቱን ዝቅ ከሚያደርግ አንድ የጋራ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ ወይም በታች ካነበቡ መለኪያዎቹን ከመክሰስ በፊት ይህን ተቆጣጣሪና ከአካሉ ጋር የሚያገናኘውን መስመር መፈተሽ ይገባል።

የጣሪያው ጨርቅ የሚወርደው ሙጫው ስለለቀቀ ሳይሆን ከጨርቁ ጀርባ ያለው ስስ ስፖንጅ ስለፈረሰ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ጨርቅ መልሶ ማጣበቅ ከንቱ ነው፤ ሰሌዳው ወጥቶ የስፖንጁ ዱቄት በብሩሽ ሙሉ በሙሉ ከተጠረገ በኋላ አዲስ ጨርቅ ሙቀት በሚችል ሙጫ ይለጠፋል። የተሰነጠቀ መሪ ደግሞ ከውስጥ ብረት ያለው በመሆኑ ስንጥቁ እስከ ብረቱ ተከፍቶ፣ ዝገቱ ተጠርጎ በኢፖክሲ ሲሞላ ለብዙ ዓመት ይቆያል፤ እዚህ ላይ ግትርነቱ ጥቅም ነው፣ መሪው ራሱ ግትር ስለሆነ።

መልሶ ሲገጠም ሁሉም ብሎኖች መጀመሪያ በጣት ብቻ ይያዛሉ፤ ዳሽቦርዱ በሁሉም ቀዳዳ ላይ መቀመጡ ከታየ በኋላ ነው ከመሃል ወደ ዳር ቀስ እየተባለ የሚጠብቁት። አንዱ ጥግ ቀድሞ ከጠበቀ ሌላው ጥግ በውጥረት ተይዞ ይቀርና ያ ውጥረት አዲሱን ጥገና ይከፍተዋል። ፕላስቲክ ከፕላስቲክ በሚነካካበት ቦታ ሁሉ ስስ የሱፍ ፕላስተር ቢለጠፍ በሻካራ መንገድ ላይ የሚሰማው ጩኸት ይጠፋል። የመጨረሻዎቹ ሽፋኖች ከመገጠማቸው በፊት ባትሪው ተገናኝቶ መብራቶቹ፣ መለኪያዎቹ፣ የመስታወት መጥረጊያውና የማሞቂያው ነፋስ አንድ በአንድ ይሞከራሉ፤ የማይሠራ አምፖል ካለ እጅ አሁንም ይደርስበታል።